የሐዲድ ኤፍ ኤም ታሪክ፣ ክፍል አሥራ አንድ

ፅዮናዊት የምትጮኸው እሷው ራሷ መሆኗን ያወቀችው ጉሮሮዋ ሲቃጠል ነው። ከፊቷ፣ በካሴት መደርደሪያዎቹ መካከል፣ ጋሼ ገብረማርያም በግንባራቸው ተደፍተዋል። ከኋላ በኩል ሽበታቸው በደም ርሷል፤ አጠገባቸው ከባድ የማይክ መቆሚያ ብረት ወድቋል። የጆሮ ማዳመጫው አንገታቸው ላይ እንዳለ ነው። መቅጃው ግን ተከፍቶ፣ ድምፅ የሚይዘው ካርድ ወጥቶ፣ ባዶውን ተቀምጧል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአምስት ነበር።

በነሐሴ ቀትር ጅቡቲ ውስጥ ሰው ከቤቱ ንቅንቅ አይልም። ጫቱ ገብቶ ተከፋፍሏል፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ ምኒልክ አደባባይ ላይ ከድመት በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። የሐዲድ ኤፍ ኤም ፎቅ በር ላይ የሚቀመጠው ዘበኛ አምሀ፣ ከስድስት ሰዓት ተኩል ወዲህ የገባም የወጣም እንደሌለ በሚያውቃቸው ታቦታት ሁሉ ማለ። ፅዮናዊትን ከሬሳው ይልቅ ያስፈራት ይህ መሐላ ነው። የገባ ከሌለ የገደለው ውስጥ የነበረ ሰው ነው፤ ውስጥ የነበሩት ደግሞ አራት ናቸው፤ አንዷ እሷ ነች።

በዚያ ላይ ቦርሳዋ ውስጥ ካሴት አለ።

ሐዲድ ኤፍ ኤም ማለት ጋሼ ገብረማርያም ማለት ነው። የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ማይክና አንድ አሮጌ ማሠራጫ ይዘው ይህን የንግድ ጣቢያ ከፈቱ። ፈረንሳይኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ በሚሰማበት አየር ላይ በቀን አራት ሰዓት አማርኛ ጨመሩበት፤ ከከተማው መውጫ ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ ፔካ ዱዝ ላይ፣ ወረፋ የሚጠብቁ የከባድ መኪና ሹፌሮች ሬዲዮናቸውን በዚያው ቁጥር ላይ አስረው ቀሩ። የጣቢያው ትልቁ ኩራት ግን የጎርፉ ጊዜ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አምቡሊ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ፣ ሦስት ሠራተኞች እየተፈራረቁ ሁለት ቀን ሙሉ ከማይክ ሳይለዩ ሕዝቡን መርተዋል ይባላል። የሦስቱ ፎቶግራፍ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል፦ የገብረማርያም እህት እትዬ አሰገደች፣ ቴክኒሻኑ አልአዛር፣ የ«ቀትር ወግ» አዘጋጅ ፀጋው። ዛሬም ቤቱ ውስጥ የነበሩት እነዚሁ ሦስቱና ፅዮናዊት ነበሩ።

ሽማግሌው ሰሞኑን «የጣቢያችን ታሪክ» የሚል ተከታታይ ዝግጅት ይዘው ነበር። አሥር ክፍል ተላልፏል። አሥራ አንደኛው፣ የጎርፉ ክፍል፣ ሐሙስ ይጠበቅ ነበር፤ እሳቸው የሞቱት ማክሰኞ ነው።

ከፖሊስ የመጣችው መርማሪ አጭር ሴት ናት፤ የተማሪ ደብተር በብብቷ ይዛ፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሦስቱን ፎቅ ወጣች። የተናገረችው አማርኛ እንከን የለውም።

«ኢንስፔክተር መሪማ እባላለሁ። ካርቲየ 3 ሰፈር ነው ያደግሁት፣ ከአበሾች ጋር ግድግዳ ተጋርተን። በአማርኛ መሳደብም እችላለሁ። ቦን፣ ጥሩ፣ ስለዚህ የሚዋሽ ሰው ተጠንቅቆ ይዋሽ።»

መሪማ የሁሉንም ስልክ፣ የፀጋውንም ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ በፌስታል ሰብስባ ወሰደች። ከዚያ አራቱንም ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠችና አንዱ እየሰማ ሌላውን ትጠይቅ ጀመር። አልአዛር ይህ ደንብ ነው ወይ ሲላት፣ «ሰው ሰሚ ሲኖረው ውሸቱን ማሳመር ይወዳል» አለችው፤ «እኔ ደግሞ ያማረውን ነው የምጠረጥረው።»

በእትዬ አሰገደች ጀመረች። ከወንድማቸው ጋር አብረው ጣቢያውን ያቋቋሙ፣ ማስታወቂያውን የሚያስተዳድሩ፣ አንደበታቸው የማይቻል ሴት ናቸው። ዛሬ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነው የሚያወሩት።

«ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበሩ እትዬ?»

«ቢሮዬ። አንድ ፍራሽ ነጋዴ ማስታወቂያዬ አጠረ ብሎ በስልክ ሲነዘንዘኝ ቆየ።»

«ሰዓቱን ሙሉ?»

«እሱማ ሩብ ሰዓት ነው። የቀረውን ጋደም ብዬ ፀጋውን ስሰማ ነበር። ማን አየሽ ካልሽኝ ማንም አላየኝም።» ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ፅዮናዊት አዞሩ። «ይልቅ ይቺን ጠይቂያት። ትናንት በአሥር ሰዓት ካሴት ክፍል ገብታ ወንድሜ ላይ ስትጮህ ሰምቻታለሁ። ‹አባቴን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ፅዮናዊት ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳበች። መሪማ ግን ቀና ብላም አላየቻት፤ ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ጻፈችና ወደ አልአዛር ዞረች።

አልአዛር ፊቱ በፀሐይ ተገሽልጦ ቀልቷል። ጣሪያ ላይ የአንቴና ገመድ ሲያጠብቅ እንደነበር ተናገረ።

«በነሐሴ ቀትር?»

«ሌላ ጊዜ ማን ያስወጣኛል? ሲበላሽ ነው የሚጠገነው። እዚህ ቤት የማይበላሽ ነገር የለም፤ ማሠራጫው፣ ሊፍቱ፣ የስቱዲዮው ክሊም...»

«ክሊሙ ምን ሆነ?» አለች መሪማ። ክሊም በጅቡቲ አፍ የአየር ማቀዝቀዣ ነው።

«ምንም አልሆነ፤ ያው አርጅቷል እንጂ። ከጣቢያው ጋር እኩያ ነው። ሲሠራ ስለሚንኳኳ ድምፁ ማይክ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማይክ የሚከፍት ሰው መጀመሪያ ክሊሙን ይዘጋል፤ ሕጋችን ነው። ስቱዲዮው በአምስት ደቂቃ እቶን ይሆናል። ሲጨርሱ ይከፍቱታል፤ እስኪቀዘቅዝ አርባ ደቂቃ ይፈጃል።»

«ታዲያ ለምን አዲስ አይገዛም?»

«ጋሼ ገብረማርያምን ጠይቂያቸው» ብሎ፣ የተናገረውን ሲሰማ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ፀጋው ሊጠየቅ ሲቀርብ ወንበሩን ራሱ አስተካክሎ ተቀመጠ። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ መነጽር ያደርጋል። ድምፁን የማያውቅ አበሻ ጅቡቲ ውስጥ የለም፤ ባልባላ ሰፈር ሲሄድ እናቶች እጁን ይስሙታል።

«እኔን መጠየቅሽ ለወጉ ነው» አለ በዚያ በሚያምር ድምፁ። «ከሰባት እስከ ስምንት ማይክ ላይ ነበርኩ። ከተማው ሁሉ ምስክሬ ነው።»

«የእኔም እናት ትሰማዎታለች» አለች መሪማ። «ስቱዲዮ ገብቶ ያየዎት ሰው አለ?»

«ቀይ መብራት እየበራ ማንም በር አይከፍትም። እንዲህ ያለው ነውር እዚህ ቤት የለም።»

«ሙዚቃውን ከኮምፒውተር ነው የሚያጫውቱት?»

«ከራሴ ማጫወቻ። የኮምፒውተር ነገር አይሆንልኝም፤ እነ አልአዛር ይስቁብኛል።»

መሪማ አመሰገነችው። ተራው የፅዮናዊት ሆነ።

«ካየሽው ጀምረሽ ንገሪኝ። በቅደም ተከተል።»

«ለአሥር ሰዓቱ የሹፌሮች ዝግጅቴ የሚነበበውን መልእክት እያዘጋጀሁ ነበር፤ ብቻዬን። ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ጋሼን ላስፈርም ሄድኩ። አየኋቸው። ጮህኩ። ጋሽ ፀጋው ከስቱዲዮ እየሮጠ ወጣ፤ መነጽሩን በሸሚዙ እየጠረገ...»

«ለምን ይጠርገዋል?»

«እንጃ፣ ጉም ለብሶበት ነበር መሰለኝ። ግድግዳውን እየዳበሰ ነው የመጣው። ከዚያ እትዬ መጡ። ልወድቅ ስል ደግፈው ስቱዲዮ ውስጥ አስቀመጡኝ። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ትዝ ይለኛል። እትዬ ነጠላቸውን አለበሱኝ። ከፍርሃቴ ነው።»

መሪማ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ በደንብ አየቻት። «አባትሽ ማን ነበሩ?»

«ሙላው ይባላል። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በጎርፉ ጊዜ አምቡሊ ወሰደው። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ።»

«ቦርሳሽን ክፈቺልኝ።»

ልትዋሽ አሰበች፤ ግን ከፈተችው። ካሴቱ ከሻሿና ከማበጠሪያዋ መካከል ወጣ። ጀርባው ላይ በገብረማርያም የእጅ ጽሕፈት የጎርፉ ቀን ተጽፎበታል። እትዬ አሰገደች «ውይ!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

«ትናንት እሳቸው ናቸው የሰጡኝ» አለች ፅዮናዊት። «‹ያን ቀን ማታ ጣቢያው ውስጥ ሰው አልነበረም፤ የሚናገረው ካሴት ነበር› አሉኝ። ‹ድልድዩ ክፍት ነው እያለ እየተመላለሰ ሲናገር አባትሽ ሰምቶ ገባ› አሉኝ። ማን ትቶት እንደሄደ ስጠይቃቸው፣ ‹ሐሙስ ከሁሉም ጋር ትሰሚያለሽ፤ ለሚመለከተው ሰው አስቀድሜ ነግሬዋለሁ› አሉ። ያኔ ነው የጮህኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር! ካሴቱን ግን አልሰማሁትም። ቤታችን ማጫወቻ የለም።»

መሪማ ካሴቱን በፌስታሉ ከተተች። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችሁም እዚሁ። አንቺ የመኖሪያ ፈቃድሽን ይዘሽ ነይ።»

ይህን ቃል ጅቡቲ ውስጥ የሚኖር ሐበሻ ሲሰማ የሚሰማውን ሌላው አያውቀውም። ከወረቀቱ በኋላ እስር ቤት አለ፤ ከእስር ቤቱ በኋላ ድንበር አለ። ፅዮናዊት እስር ቤት ብትገባ ባልባላ ውስጥ በቆርቆሮ ቤት ለእናቷ ለየምስራች የሚቀራት ሰው የለም። ባሏን አምቡሊ ወስዶባታል፤ አሁን ልጇን ደግሞ ጣቢያው ሊወስድባት ነው።

ስትወጣ አልአዛር ደረጃው ላይ ደረሰባትና፣ «ሌላ የሰጡሽ ነገር አለ? ቅጂ ምናምን?» አላት። አልቆመችለትም። በር ላይ ደግሞ ፀጋው ትከሻዋን ያዝ አደረገ። «አይዞሽ ልጄ፣ ጠበቃ እኔ እፈልግልሻለሁ። ሽማግሌው ስም ጠርተውልሽ ከነበር ለእኔ ንገሪኝ።» እጁ ከባድ ነበር። ደግ ነው አለች በልቧ፤ ግን እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሮጠች። ከሦስቱ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ለሦስቱም ጀርባዋን ሰጥታ መሄድ ነበረባት።

በማግስቱ ባልባላን ስትለቅ የሚኒባሱ ሬዲዮ የፀጋውን ድምፅ ያሰማ ነበር። ስለ ሟቹ በቀስታ ያወራል፤ ከኋላ የተቀመጡት ሴትዮ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ፅዮናዊት የመኖሪያ ፈቃዷን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ በላብ አራሰችው።

መሪማ ሁሉንም ስቱዲዮ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ተዘግቷል፣ ክሊሙም ጠፍቷል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሁሉም ሸሚዝ ጀርባቸው ላይ ተጣበቀ። እትዬ አሰገደች በወረቀት ራሳቸውን እያራገቡ፣ «ልትገድይን ነው እንዴ? ክፈቺልን!» አሉ።

«ትንሽ ታገሡኝ። መጀመሪያ ይህን እንስማ።»

አልአዛር ካሴቱን ማጫወቻ ውስጥ ከተተው። ከካሴቱ ጫጫታ መካከል የወጣው የፀጋው ድምፅ ነው፤ ጎልማሳ፣ የተረጋጋ። «ሹፌሮቻችን፣ የአምቡሊ ድልድይ ክፍት ነው። አትፍሩ፣ ቀስ ብላችሁ እለፉ።» ትንሽ ሙዚቃ ሆነ፤ ያው ቃል ተደገመ። ደግሞ ተደገመ። ፅዮናዊት ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። አባቷ በሕይወቱ መጨረሻ የሰማው ይህን ነው።

«ድምፁ የእኔ ነው» አለ ፀጋው። «በዚያን ጊዜ ማስታወቂያውን ሁሉ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ማጫወቻው ላይ ማን ጭኖት እንደሄደ ግን እንጃ። እነ አልአዛርም ነበሩ፣ እትዬም ነበሩ።»

«እውነት ነው» አለች መሪማ፤ «ካሴቱ ብቻውን ማንንም አያስርም። ስለዚህ ወደ ትናንቱ እንምጣ። ጋሼ ገብረማርያም የተገደሉት ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሦስታችሁ ምስክር የላችሁም፤ አንድ ሰው ግን ከተማው ሙሉ ምስክሩ ነው። እኔ ደግሞ ያማረ ነገር እጠራጠራለሁ ብያችኋለሁ።»

ደብተሯን ገለጠች።

«ጣቢያው የሚያስተላልፈውን ሁሉ ቀድቶ ያስቀምጣል። ትናንት የተላለፈውን ‹ቀትር ወግ› ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ስልሳ ደቂቃ ነው፤ ዘፈኑ ሁለት ብቻ፣ ስምንት ደቂቃ። የቀረው ንግግር ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የክሊም መንኳኳት የሚባል ነገር የለበትም። አልአዛር፣ ይህ ምን ማለት ነው?»

«ሲናገር ክሊሙ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው።»

«ቦን። አሁን ደግሞ የዚችን ልጅ ፍርሃት እንይ።» ወደ ፅዮናዊት ዞረች። «ስምንት ሰዓት ከአሥር ገደማ እዚሁ ወንበር ላይ አስቀመጡሽ። ጥርስሽ ተንገጫገጨ፤ እትዬ ነጠላቸውን አለበሱሽ። እትዬ፣ ለምን አለበሷት?»

እትዬ አሰገደች ማራገባቸውን አቆሙ። «በርዷት...» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም በርዶኝ ነበር። ክንዴ ላይ ጸጉሬ ቆሞ ነበር። ስቱዲዮው በረዶ ነበር!»

«ሁላችሁም ከድንጋጤ የመጣ መስሏችሁ ነው። ክሊሙ ይህን ክፍል ለማቀዝቀዝ አርባ ደቂቃ ይፈልጋል፤ ዛሬ ጠዋት ራሴ ተቀምጬ ለካሁት። ስለዚህ ቢዘገይ ቢዘገይ ከሰባት ተኩል በፊት ጀምሮ ሲሠራ ነበር። አቶ ፀጋው እዚህ ሆነው በቀጥታ ሲያወሩ ነበር ከተባለ ድምፁ ውስጥ መንኳኳቱ የት ገባ? ክሊሙን ዘግተው ነበር ከተባለ ደግሞ ቅዝቃዜው ከየት መጣ? ድምፁና ክፍሉ የአንድ ሰዓት አይደሉም።»

«ሙቀት አስጨንቆኝ በዘፈኑ መሀል ከፍቼው ይሆናል» አለ ፀጋው።

«በስምንት ደቂቃ? መነጽርዎስ? ከእቶን የወጣ ሰው መነጽሩ ጉም አይለብስም። ከቀዝቃዛ ክፍል ወጥቶ ወደዚያ ወበቃም ኮሪደር የገባ ነው ግድግዳ የሚዳብሰው።»

ፀጋው እጁን ወደ መነጽሩ ሰደደና መለሰው።

«የሆነው ይህ ነው» አለች መሪማ። «ሽማግሌው በጨዋነታቸው አስቀድመው ነገሩዎት። ሰኞ ከዝግጅትዎ በኋላ፣ ሁሉም ሲያርፍ፣ እዚህ ገብተው የማክሰኞውን ዝግጅት ቀዱ፤ ክሊሙን ዘግተው፣ እንደ ደንቡ። ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ከራስዎ ማጫወቻ ለቀቁት፣ ቀዩን መብራት አበሩ፣ ወጡ። ብረቱን ከካሴት ክፍሉ ጥግ አነሡ። ክፍል አሥራ አንድ የተቀዳበትን ካርድ ወሰዱ፤ ካሴቱን ግን ፈልገው አጡት፤ ልጅቷ ጋ ነበር። ተመልሰው ገብተው ተቀመጡ። ሁሉን አስበው ነበር፤ ክሊሙን ግን አላሰቡትም። እዚህ ቤት ማይክ ሳይከፍት ክሊም የሚዘጋ ሰው የለም። ማክሰኞ ማይክ አልከፈቱም፤ እጅዎም እንደ ልማዱ ክሊሙን ሳይዘጋ ተወው። ከማጫወቻዎ ላይ ያጠፉትን ቅጂ ባለሙያዎቻችን ዛሬ ጠዋት መልሰውታል፤ የተቀዳበት ሰኞ ስምንት ሰዓት ከአርባ ይላል።»

እትዬ አሰገደች፣ «አንተ! በእጁ ነው እኮ እንጀራ ያበላህ!» ብለው ጮኹ፤ አልአዛር ያዛቸው።

ፀጋው መነጽሩን አወለቀ። ያን ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ ታየ። የተናገረው ለመሪማ ሳይሆን ለፅዮናዊት ነበር።

«ስቀዳው ድልድዩ ክፍት ነበር። እውነት ነበር የተናገርኩት። ተራው የእኔ ነበር፤ እነሱ ተኝተው ሊመለሱ ሄደዋል። ውሃው ወደ ሰፈራችን እየመጣ ነው አሉኝ፤ ልጄ ትኩሳት ላይ ነበር። ግማሽ ሰዓት ብዬ ነው የወጣሁት። መንገዱ ተዘግቶ መመለስ አቃተኝ። ገብረማርያም ጎህ ሲቀድ መጥቶ ካሴቱን አገኘው፤ ለጣቢያው ሲል ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ሰው ጀግና ሲለኝ ምን ልበል? ሃያ ዓመት እጄን ሳሙኝ። ሐሙስ ሊያልቅ ነበር።»

«በዚያ ድልድይ ሰው እንደሞተ ታውቅ ነበር?» አለች ፅዮናዊት።

«ስወጣ ስልኩ ይጮህ ነበር» አለ ፀጋው። «ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁት። ሹፌሮች እንደሆኑ አውቄያለሁ፤ በዚያ ሰዓት የሚደውል ሌላ የለም። ረጅም ጊዜ ጮኸ።»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወረዱ። መሪማ የፅዮናዊትን የመኖሪያ ፈቃድ ከጠረጴዛው አንሥታ መዳፏ ላይ አኖረችላት። «አባትሽን አልመልስልሽም» አለቻት፤ «ይቺን ግን ማንም አይነካብሽም።» ፅዮናዊት አሁን ገና ማልቀስ ጀመረች፤ ለአባቷ፣ እንዲሁም አልተቀየምኳቸውም ብትል ውሸት ለሚሆንባት ለጋሼ ገብረማርያም።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ነበር። የሹፌሮቹ ሰዓት ነው። እትዬ አሰገደች ዛሬ ሙዚቃ ብቻ ይሂድ አሉ። አልአዛር መልስ ሳይሰጥ የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ፤ ሦስቱም እሳት እንደነካቸው ሁሉ ወደ ኋላ አሉ። ደግሞ ጮኸ። ፅዮናዊት አነሣችው።

«ሃሎ፣ ሐዲድ?» አለ ከሞተር ድምፅ ጋር የተቀላቀለ ጎልማሳ ድምፅ። «እህቴ፣ ከፔካ ዱዝ ነው። ከላይ በኩል ዳመናው ጠቁሯል፤ ዘንቧልም ይላሉ። ወንዙ እንዴት ነው? ልለፍ?»

በመስኮቱ የሚታየው ምኒልክ አደባባይ ደረቅ ነው። ጠራራ ፀሐይ ነው። እለፍ ማለት ቀላል ነበር።

«አላውቅም» አለችው። «ጠይቄ እስክነግርህ ባለህበት ቁም። እኔ ከዚህ አልነሣም፤ ስልኩንም አልዘጋውም።» ከዚያ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ስምህን ማን ልበል፣ ወንድሜ?»